የእሳትና የመብረቅ መድን ወይስ ጎርፍና ነፋስ የተጨመረበት? ጅማ ላይ ቤት ላለው ሰው የቀረበ ንጽጽር

ክረምት በተቃረበ ቁጥር ጅማ ውስጥ ቤት ያላቸው ወዳጆቼ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ርካሹን የእሳትና የመብረቅ መድን ልግዛ ወይስ ጎርፍ፣ አውሎ ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ የሚጨመሩበትን? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ሁለተኛውን ግዙ። ገንዘቡ ካልበቃችሁ የቤት ዕቃውን ትታችሁ ሕንፃውን ብቻ በሁለተኛው አስገቡ እንጂ ወደ መጀመሪያው አትውረዱ።

የመጀመሪያው በስሙ የተጻፈውን ይሸፍናል፤ እሳትን፣ መብረቅን፣ አብዛኛውን ጊዜም ለቤት አገልግሎት የሚውል የጋዝ ሲሊንደር ሲፈነዳ የሚደርሰውን ጉዳት። ጎርፍ፣ ከባድ ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ ተጨማሪ አረቦን (ለመድኑ የሚከፈል ዋጋ) ተከፍሎባቸው በተለየ ጽሑፍ ካልተካተቱ በስተቀር ከሽፋኑ ውጪ ናቸው። ብዙ ሰው ግን የምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከማስቀመጥ በቀር ውሉን አያነብም፤ «ቤቴ ኢንሹራንስ አለው» ብሎ ያርፋል።

አዌቱ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት የማውቃቸው እናት የደረሰባቸው ይህ ነው። በየዓመቱ ቀን ሳያሳልፉ አረቦን ከፍለዋል። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ግቢያቸው ገባና የጭቃው ግድግዳ ከሥሩ ረጥቦ በአንድ በኩል ተናደ። ለኩባንያው ያቀረቡት የካሳ ጥያቄ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ተመለሰ፤ የደረሰው አደጋ በውሉ ያልተሸፈነ ነው ይላል። ደብዳቤው በሕግ ዓይን ስህተት የለበትም። እኔን የሚያናድደኝ ግን ውሉን የሸጠላቸው ወኪል ቤቱ ከወንዙ ምን ያህል እንደሚርቅ አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠየቁ ነው።

ትንሽ ወንዝ ነው ብሎ መናቅ አያዋጣም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት ያጥለቀለቀውና ከ250 በላይ ሰዎችን የገደለው ደቻቱ፣ በበጋ ሰው በእግሩ የሚሻገረው ደረቅ አሸዋ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥም ቢሆን የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በሆሳዕና አካባቢ የተነሣው ንዝረት ጅማ ድረስ ተሰምቷል። ያም ሆኖ ለጅማ ቤት ዋናው ሥጋት ውኃና ነፋስ እንደሆነ አምናለሁ፤ ገንዘቡ ሦስቱንም ለመጨመር ካልበቃ መንቀጥቀጡን ከመጨረሻ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ዋጋው እንግባ፤ ሰው ሁሉ የሚሸሸው እዚህ ላይ ነውና። አረቦን የሚሰላው ቤቱ የተገመተበት ገንዘብ በሺህ ስንት ብር ተብሎ ነው። ለስሌት እንዲመች ብቻ፣ ሕንፃው 3,000,000 ብር ተገመተ፣ ለእሳትና ለመብረቅ በሺህ 1.50 ብር ተጠየቀ፣ ለተፈጥሮ አደጋዎቹ ደግሞ በሺህ 0.75 ብር ተጨመረ እንበል። የመጀመሪያው በዓመት 4,500 ብር፣ ሁለተኛው 6,750 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 2,250 ብር፣ በወር ሲካፈል 187 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ትክክለኛው ተመን እንደ ኩባንያው፣ እንደ ግድግዳው ዓይነትና እንደ ቦታው ስለሚለያይ ቢያንስ ከሦስት ኩባንያዎች በጽሑፍ የዋጋ ማቅረቢያ ውሰዱ፤ የምታወዳድሩትም የመጨረሻውን ድምር ብቻ ሳይሆን በሺህ የተጠየቀውን ተመን፣ የአገልግሎትና የቴምብር ክፍያውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተቀናሹን ይሁን። ተቀናሽ ማለት ጉዳት ሲደርስ ከራሳችሁ ኪስ የምትሸፍኑት ድርሻ ነው። አረቦኑን በጥቂት መቶ ብር ዝቅ አድርጎ የጎርፍ ተቀናሹን ከፍ ያደረገ ማቅረቢያ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለው ርካሽነት መጠነኛ ጎርፍ በገባ ማግስት ያልቃል።

ዋጋን በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ ጥፋቶች ይታያሉ። አንደኛው ቤቱን በሽያጭ ዋጋው ማስገመት ነው። በጅማ መርካቶ አካባቢ ወይም ፈረንጅ አራዳ ያለ ቤት ሲሸጥ ገዢው የሚከፍለው በአብዛኛው ለቦታው ነው፤ ቦታው ደግሞ አይቃጠልም፣ ጎርፍም አይወስደውም፣ መድን ሰጪውም ለእርሱ ካሳ አይከፍልም። ስለዚህ የሚገመተው ሕንፃውን እንደገና ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ ብቻ መሆን አለበት፤ ከዚያ በላይ የተከፈለ አረቦን ባዶ ወጪ ነው።

ሁለተኛውና የከፋው ዝቅ አድርጎ ማስገመት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብረትና የቆርቆሮ ዋጋ የት እንደደረሰ ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከዚያ በፊት 2,000,000 ብር ተገምቶ ውሉ በዚያው ቁጥር ሲታደስ የኖረ ቤት ዛሬ ለመሥራት 4,000,000 ብር ቢጠይቅ፣ ባለቤቱ መድን የገባው ለግማሹ ነው። ነፋስ ጣሪያውን ነቅሎ የ400,000 ብር ጉዳት ቢያደርስ ኩባንያው በተመጣጣኝነት ደንብ ግማሹን፣ ማለትም 200,000 ብር ብቻ ያሰላል፤ ተቀናሹ 10 በመቶ ከሆነ እጅ የሚገባው 180,000 ብር ነው። «ጉዳቱ ከተገመተው ገንዘብ በታች ስለሆነ ሙሉው ይከፈለኛል» ብሎ የሚጠብቅ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ውሉን ስታድሱ በየዓመቱ ግምቱን አስተካክሉ። የካሳው ስሌት በአዲስ የመተኪያ ዋጋ ነው ወይስ የእርጅና ቅናሽ ተደርጎበት የሚለውንም ጠይቁ፤ ዕድሜ በጠገበ ቤት ላይ ይህ አንድ መስመር ከአረቦኑ ልዩነት ሁሉ ይበልጣል።

የጭቃ ቤት ያላችሁ አንባቢዎች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋችኋል። አንዳንድ ውሎች ቤቱ በድንጋይ፣ በጡብ ወይም በብሎኬት የተሠራ መሆኑን በቅድሚያ ያስቀምጣሉ። የቤታችሁ ፊት ተለስኖ ቀለም ተቀብቶ ብሎኬት ቢመስልም ውስጡ እንጨትና ጭቃ ከሆነ ይህንኑ በማመልከቻው ላይ በግልጽ አስጽፉ። አረቦኑ ከፍ ሊል ይችላል፤ አንዳንዱ ኩባንያም ከነጭራሹ አልቀበልም ሊል ይችላል። ሆኖም በሐሰት የተሞላ ማመልከቻ አረቦን ሲሰበሰብ የሚያየው የለም፤ የሚመረመረው ካሳ ሲጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ውል ሁሉን ይሸፍናል ማለቴ ግን አይደለም። ነፋስ ጣሪያውን ከፍቶት የገባ ዝናብ ሲሸፈን፣ ምስማሩ በላላ ወይም በዛገ ቆርቆሮ የሚያፈስ ዝናብ አይሸፈንም። ምስጥ የበላው ማገር፣ በዓመታት የተጠራቀመ እርጥበት፣ የቆየ የግድግዳ ስንጥቅ ሁሉ የባለቤቱ ዕዳ ናቸው። በጅሬን በኩል ዳገት ላይ የሠራችሁ ሰዎች የመሬት መንሸራተት በስሙ መጠቀሱን አረጋግጡ፤ ጎርፍ የሚለው ቃል እርሱን አያጠቃልልም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚቃጠል ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣም በሁለቱም ውሎች ዘንድ እንደ መብረቅ ጉዳት አይቆጠርም።

ካሳ ለማስከፈል የሚበጀው ዝግጅት የሚጀምረው ዝናቡ ሳይመጣ ነው። ቤቱን ከውስጥም ከውጭም ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሡ፤ የካርታውን፣ የውሉንና የግዢ ደረሰኞችን ቅጂ ከቤቱ ውጪ ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ። ጉዳት ሲደርስ በውሉ በተጻፈው ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ስልክ ደውሎ «ነግሬያቸዋለሁ» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ የደብዳቤያችሁ ቅጂ ላይ ገቢ የተደረገበትን ማኅተም አስመቱ። ጉዳቱ እንዳይባባስ ሸራ መወጠር ግዴታችሁ ነው፤ የተነቀለውን ቆርቆሮ ግን የጉዳት ገማቹ ሳያየው አትሽጡ፣ ግድግዳውንም አታስጠግኑ። ከቀበሌ ማስረጃ፣ ለጥገናውም ፕሮፎርማ ሊጠየቅ ይችላል። ኩባንያው በዚያ ቀን ከባድ ዝናብ ወይም ነፋስ መኖሩን ከተጠራጠረ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት መረጃ ክርክሩን ያሳጥራል። ገማቹ የሚያቀርበው ቁጥር የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ሥራውን ከሚያውቅ አናጺ የተጻፈ ዝርዝር ይዞ የሚከራከር ሰው ባዶ እጁን ከሄደ ሰው የተሻለ ያገኛል።

«እድራችን ይበቃናል» ለሚሉኝም አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። እድር አንድ ቤት ሲቃጠል ሰፈሩን ያስተባብራል። አዌቱ ሞልቶ ሲገባ ግን የሚጎዱት የአንድ እድር አባላት በአንድ ሌሊት ነው፤ ረጂና ተረጂው አንድ ይሆናሉ። መድን ሰጪው በልዩ ልዩ ከተሞች ካሉ ደንበኞች ስለሚሰበስብና የሥጋቱን ከፊል ለጠለፋ መድን ሰጪ፣ ማለትም መድን ሰጪዎችን ራሳቸውን ለሚያድን ኩባንያ፣ ስለሚያስተላልፍ እንዲህ ያለውን የጅምላ ጉዳት የመሸከም አቅም አለው።

በባንክ ብድር ቤት የያዛችሁ ደግሞ መድን አለን ብላችሁ ይህን ንጽጽር እንዳትዘሉት። ባንኩ ያስገባው ውል በቅድሚያ የሚጠብቀው የራሱን ገንዘብ ነው፤ ግምቱም በቀረው ዕዳ ልክ ተወስኖ ሊሆን ይችላል። የውሉን ቅጂ ከባንኩ ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ ጎርፍና ነፋስ ከሌሉበት ተጨማሪውን ሽፋን በራሳችሁ ወጪ በዚያው ውል ላይ አስጨምሩ። ይህንም እስከ ሚያዝያ ድረስ ጨርሱት፤ ሰኔ ላይ ውኃው ግቢ ጥግ ከደረሰ በኋላ የሚመጣን አመልካች የትኛውም ኩባንያ በደስታ አይቀበለውም።