ለላይብረሪያችን ሰራተኞች በቀጥታ ኦንላይን ላሰለጠኑን መምህር ምስጋና (ጥቆማም ነው)

ሰላም ወዳጆች፣ ትምህርት ቤትም ሆነ ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ የምትሰሩ ካላችሁ ይቺን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ ማመስገን ያለብኝ ሰው አለ።

እኔ የምሰራው አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት 2014 ዓ.ም. ላይ ከተከፈተ ወዲህ የሰፈሩ ተማሪ ላይብረሪ ሲባል የሚጠብቀው ነገር ተቀይሯል፣ ኮምፒውተር ላይ ፈልጎ የትኛው ሸልፍ ላይ እንዳለ አውቆ ሄዶ ማንሳት ነው የሚፈልገው፣ እውነቱን ነው ደግሞ። ስለዚህ እኛም ኮሃ እናስገባ ተባለ። ኮሃ ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንድ የሕዝብ ላይብረሪ ተሰርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ስራ የጀመረ፣ መጽሐፍ የሚመዘገብበትና ውሰት የሚሰራበት የላይብረሪ ሲስተም ነው፣ የፈቃድ ክፍያ የለውም፣ ማንም አውርዶ ይጠቀምበታል። ያስጨነቀን ሰውን ማሰልጠኑ ነበር። በፈተና ሰሞን ላይብረሪ ዘግቶ ሁሉንም ሰራተኛ ስልጠና መላክ አይታሰብም፣ አንድ ሰው ልኮ መጥተህ አስረዳን ማለት ደግሞ ያው ታውቁታላችሁ። የተቀዳ ቪዲዮ ሞክረን ነበር፣ ስናየው ሁሉም ነገር ቀላል ነው፣ የራሳችንን መጽሐፍ ስንይዝ ግን የምንጠይቀው ሰው የለም።

እኚህን መምህር ያገናኘን አንድ የሙያ ባልደረባችን ነው። ብዙ ዘመን ካታሎግ (የመጽሐፍ ምዝገባ) ላይ የኖሩ እናት ናቸው፣ ስልጠናውን በዙም በቀጥታ ነው የሚሰጡት፣ ያንኑ ትምህርት ጠዋት ለአንዱ ፈረቃ ከሰዓት ለሌላው ይደግሙታል፣ ስለዚህ የውሰት ዴስኩ አንድም ቀን አልተዘጋም። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ይቆርጣል አይደል፣ እሳቸው ትምህርቱን በዛው ልክ ሰፍተውታል፣ ሲቆርጥ እኛ ወደ ልምምድ እንገባለን፣ ተመልሰን ስንገናኝ ደግሞ የሰራነውን ስክሪን ሼር እያደረግን አንድ በአንድ ያዩልናል። መብራት ሲጠፋ በስልክ ዳታ እንገባለን፣ ያመለጠው ሰው ካለ ቅጂውን ማታ ቴሌግራም ላይ ያገኘዋል።

መጀመሪያ ያሉን ነገር "ከራሳችሁ ሸልፍ ያስቸገራችሁን መጽሐፍ ይዛችሁ ግቡ" ነው። ምን ልበላችሁ፣ የስልጠናው ሁሉ ነገር እዚህ ጋ ነው። የውጭ ማኑዋሎች ምሳሌያቸው የፈረንጅ ስም ነው፣ በዛ ከሄድን የኛን ደራሲ በአባቱ ስም አስቀድመን ኮማ እናደርግበታለን፣ ተማሪው ደግሞ በደራሲው ስም ፈልጎ ያጣዋል። የኢትዮጵያዊ ስም አይገለበጥም አሉን፣ ማርክ (ኮምፒውተሩ የመጽሐፉን መረጃ የሚይዝበት ቅርጽ) ላይ 100 የሚባለው የደራሲ ስም ፊልድ የመጀመሪያው ኢንዲኬተር (የስሙን አይነት የሚነግር ቁጥር) ለኛ ሰው 0 ነው፣ 1 የቤተሰብ ስም ላላቸው ነው። ከዛ ዓመቱ መጣ፣ መጽሐፉ 2008 ዓ.ም. ካለ እንዳለ ይጻፋል፣ አጠገቡ በቅንፍ የፈረንጁ ይገባል፣ መስከረም ላይ ይታተም ሰኔ ላይ ካላወቅን 2015 ወይም 2016 ብለን፣ አለበለዚያ በዓመት ሲደረደር ያገር ውስጡ መጽሐፍ ሁሉ በሰባት በስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል። ፊደሉም አለ፣ ፀሐይን አንዱ በፀሐዩ ፀ አንዱ በጸሎቱ ጸ ይጽፈዋል፣ ሐውም እንደዛው፣ እሳቸው ያሳዩን 245 በሚባለው የርዕስ ፊልድ ላይ ርዕሱን መጽሐፉ ላይ እንዳለ ጽፎ ሌላውን አጻጻፍ 246 ላይ መጨመር ነው፣ ተማሪው በየትኛውም ቢፈልግ ያገኘዋል። ይሄንን ከየትኛው ቪዲዮ ነው የምናገኘው?

ደግሞ ልቤን የነካው፣ ስልጠናው የካታሎገሮች ብቻ አልነበረም። መጽሐፍ የሚደረድሩት፣ በር ላይ ቦርሳ የሚቀበሉት ሁሉ ገብተዋል። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ አንድ እናት አሉን፣ የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ በቃላቸው ነው የሚያውቁት፣ ማውዝ ግን ፈርተው አይነኩም ነበር። ተራቸው ሲደርስ እጃቸው ኪቦርዱ ላይ ቀረ። መምህሯ "አይዞዎት እናቴ፣ ይሄ የሙከራ ሰርቨር ነው፣ የሚበላሽ ነገር የለም፣ ቀስ ብለው ይጫኑት" ብለው ዝም ብለው ጠበቁ፣ ማንም ከጎን እንዳያግዛቸው ደግሞ ሌሎቻችንን ሚውት አድርገው። ባርኮዱን ስካን አድርገው መጽሐፉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ "ወይኔ ልጆቼ፣ መጣ እኮ!" አሉ። አሁን ከሰዓት ፈረቃ ላይ የተመለሰ መጽሐፍ የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው።

መምህራችን፣ እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ለዳይሬክተራችንም ምስጋና ይገባል፣ የስልጠናውን ሰዓት ከስራ ሰዓት ላይ ቆርጠው ስለሰጡን፣ ከስራ በኋላ ቢሆን ግማሹ ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበር የሚሆነው።

ስማቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አልጽፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ አገናኛችኋለሁ። ሰርተፍኬት ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን አይድከም፣ ልምምድ ካልሰራችሁ አያሳልፉም። ለሁለት ሰው ቢያንስ አንድ ኮምፒውተርና ማይክ ያለው ሄድሴት ያስፈልጋችኋል። ስትጽፉልኝ ስንት ሰራተኛ እንዳላችሁ፣ በስንት ፈረቃ እንደምትሰሩና መጽሐፋችሁ እስካሁን በምን እንደተመዘገበ፣ በካርድ ይሁን በኤክሴል፣ አብራችሁ ጻፉ፣ እሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።