ኤፒ ወይስ አይቢ? ወደ አሜሪካ ኮሌጅ ለሚያመለክት ተማሪ

አመራረጥ፦ ኤፒ (በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስና ፈተና) በየትምህርቱ ይመረጣል፤ በሒሳብ የበረታ ተማሪ ካልኩለስን ብቻ ወስዶ ሌላውን መተው ይችላል። የአይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የተባለው ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ፕሮግራም) ዲፕሎማ ግን የማይነጣጠል ጥቅል ነው፦ ሁለት ዓመት፣ ስድስት ትምህርት፣ በዚያ ላይ እስከ 4,000 ቃላት የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ። መጻፍ ለሚጠላ ልጅ ቀልድ አይደለም።

ነጥብ፦ ኤፒ ከ1 እስከ 5፤ አይቢ በየትምህርቱ እስከ 7፣ ከተጨማሪ ነጥቦች ጋር በድምሩ እስከ 45።

ክብደት፦ ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ለፈተናው የሚቀመጠው አብዛኞቹ ኮሌጆች የመግቢያ ውሳኔያቸውን ካሳወቁ በኋላ ነው። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ ሚዛን የሚደፋው ከባዱን ኮርስ መውሰዱና በክፍል ያመጣው ውጤት ነው። የፈተናው ነጥብ ይበልጥ የሚጠቅመው ለክሬዲት (ኮርሱ በኮሌጅ እንደተወሰደ እንዲቆጠር) ነው፦ በኤፒ ብዙ ኮሌጆች 3ን ይቀበላሉ፣ መራጮቹ 4 ወይም 5 ይጠይቃሉ፤ በአይቢ ብዙ ጊዜ የሚታሰቡት በጥልቀት የሚሰጡት የከፍተኛ ደረጃ (HL) ትምህርቶች ብቻ ናቸው።

ወደ አንድ ዘርፍ ላዘነበለ ተማሪ ኤፒ ይመቻል። ከአሜሪካ ውጭም ለማመልከት ለሚያስብ፣ ጽሑፍና ክርክር ለሚወድ፣ አይቢ። ትምህርት ቤቱ አንዱን ብቻ ካስተማረ ግን ጭንቀቱ ከንቱ ነው፤ ኮሌጆች ተማሪውን የሚመዝኑት በቀረበለት አማራጭ ነው።