50 ሰው ብቻ፦ የሆቴሉ አዳራሽ ወይስ የጣና ዳር ሣር?

ባሕር ዳር ውስጥ ጥሩ ሆቴል ይዛችሁ ትንሽ ሠርግ ልትደግሱ ከሆነ መጀመሪያ የምትጨቃጨቁት በዚህ ነው።

አዳራሹ ሐሳብ ላይ አይጥልም። ዝናብ አይነካችሁም፣ ድምፁም አይበተንም። ግን 300 ሰው በሚይዝ አዳራሽ 50 ሰው ሲቀመጥ ቤቱ ጭር ይላል። ትንሹን አዳራሽ ካልሰጧችሁ ይቅርባችሁ።

ሣሩ ሌላ ነው። እህቴን ጥር ላይ እዚያ ነው የዳርናት። ከሰዓት በኋላ የጣና ንፋስ ዓይነ ርግቧን እያነሳ ሲያስቸግር ሚዜዋ በሁለት እጇ ይዛላት ቆመች፣ ከጀርባቸው አንዲት የደንገል ታንኳ ቀስ ብላ ስታልፍ ደግሞ አያቴ እልልታውን አቀለጠችው፣ ከዚያማ ሁላችንም ተከተልን። እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይባባል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ትንኙ መብራቱን ወረረው፣ ሞሰቡን ከፍተን መተው አልቻልንም። ስለዚህ ሣር ከመረጣችሁ ምሳ ይሁን፤ ማታውን ወደ ውስጥ ግቡ። ለትልልቆቹም ጥላ ያለበት ቦታ ያዙላቸው።

ወሩም ይወስናል። ክረምት ላይ ሣሩን እርሱት። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ብሎ ሁሉም ጥር ላይ ስለሚረባረብ ቀኑን ቀደም ብላችሁ ያዙ። ደግሞ ከቤት የተጠመቀ ጠላና ጠጅ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ፣ መልሱንም ውሉ ላይ አስጽፉ። አዳራሽም ሆነ ሣር፣ እናቶቻችን ያለ ጠላ ሠርግ አይሉትም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጥር ከሆነ ሣሩ።