ጎንደር ፒያሳ፦ ፋኖስ የበራባቸውን ካውቦዮች የሚጭን ፊልም ቤት

ፒያሳ ላይ ፍላሽ ይዞ ለገባ ሰው ካውቦይ የማይጭንለት ፊልም ቤት የለም። ይኼኛው ቤት የሚለየው ካውቦዮቹን ለሁለት ከፍሎ በማስቀመጡ ነው። አንዱ ፎልደር የበረሃና የአቧራው ነው። በሌላው ውስጥ ያሉት ደግሞ የቪክቶሪያ ዘመን ወዝ አለባቸው፦ ሰደርያ የለበሱ፣ የኪስ ሰዓት በሰንሰለት ያንጠለጠሉ ሰዎች፣ አበባ ያለው ወረቀት የተለጠፈበት ሳሎን፣ መስኮቱ ላይ ዳንቴል፣ ጠረጴዛው ላይ ፋኖስ። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ነው።

ዘመኑ ለጎንደር ሰው ባዳ አይደለም። ከ1837 እስከ 1901 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የነገሠችው ቪክቶሪያ ለመይሳው ሽጉጥ የላከችው ንግሥት ናት። በ1868 መቅደላ ላይ ያ ሽጉጥ ሲተኮስ አሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነቷ ከወጣች ገና 3 ዓመቷ ነበር፤ ካውቦይ ፊልም በአብዛኛው የሚተርከውም ከዚያ ወዲህ ያሉትን ዓመታት ነው። ቤቱ ፊልሞቹን የደረደረው በተሠሩበት ሳይሆን ታሪኩ በሚፈጸምበት ዓመት ነው። ሌላ ቦታ የማይገኝ፣ የሚመሰገን ሥራ ነው።

ወደ ጥራቱ ስንመጣ ግን ነገሩ ጠንቀቅ ይፈልጋል። በጠራራ ፀሐይ የተቀረጸ ካውቦይ ተጨምቆ 1 ጊጋ ቢሆንም ይታያል። በፋኖስ ብርሃን የተቀረጸው ግን አይችልም። ፊልም ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጠፋው በጨለማው ውስጥ ያለው ስስ ልዩነት ነው፤ ጥቁር ኮት ከጥቁር ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፣ የፋኖሱ ጮራ ቀለበት ቀለበት ይሠራል፣ ጭሱ ካሬ ካሬ እየሆነ ይቆራረጣል።

ስለ አሜሪካዊው ሽፍታ ጄሲ ጄምስ መገደል የሚተርከውን የ2007ቱን የአንድሩ ዶሚኒክ ፊልም እንውሰድ። ርዝመቱ 160 ደቂቃ ነው። ቤቱ ሁለት ኮፒ አለው፤ ትንሹ 1.2 ጊጋ፣ ትልቁ 8 ጊጋ። ትንሹ ለርዝመቱ ሲካፈል በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ብቻ ይደርሰዋል፤ ትልቁ ከ6 ሜጋቢት በላይ። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በባቡር ዘረፋው ላይ ነው። ሌሊት ነው፣ ጫካው ጽልመት ነው፣ ባቡሩ መብራቱን እያበራ ሲመጣ ብርሃኑ በዛፎቹ መካከል እየተሰነጠቀ ጭምብል ባጠለቁት ሰዎች ላይ ያልፋል። በትልቁ ኮፒ እያንዳንዱ ግንድ ለብቻው ጥላ ይጥላል። በትንሹ አንድ ጥቁር ጨርቅ ላይ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ነው የሚታየው።

በዚሁ ፊልም አንዳንድ ቦታ የምስሉ ዳርና ዳር ይደበዝዛል። ይኼ የኮፒ ጉድለት አይደለምና ፍላሹን አትመልሱ። የካሜራ ባለሙያው ሮጀር ዲኪንስ የዘመኑን አሮጌ ፎቶግራፍ እንዲመስል ብሎ በልዩ ሌንስ የቀረጸው ነው። መሃሉ ጠርቶ ዳሩ ብቻ ከደበዘዘ ደኅና ነው፤ መሃሉም ከደበዘዘ ትንሹን ኮፒ ነው የጫኑላችሁ።

የ1971ዱ የሮበርት አልትማን «ማክኬብ ኤንድ ሚስስ ሚለር» የባሰ ነው። ባለሙያው ቪልሞስ ዚግሞንድ ኔጋቲቩን ሆን ብሎ ብርሃን አስነክቶት ምስሉ ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስላል። ጉም ደግሞ የጨመቃ ጠላት ነው። ሰዎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየደረቡ ስለሚያወሩ ያለ ሰብታይትል መከታተል ከባድ ነው፤ ቤቱ የሚሰጠው ሰብታይትል ግን ከድምፁ 2 ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ በኮምፒውተር ለሚያይ በ«ጂ» እና በ«ኤች» ቁልፎች ይስተካከላል። በቴሌቪዥን የሚያይ ሰው እዚያው ሱቁ ውስጥ ሳይወጣ ያስተካክሉለት።

«አንፎርጊቨን» ውስጥ ስለ ንግሥቲቱ እየተኩራራ የሚዞረው እንግሊዛዊ ተኳሽ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል፤ ኮፒውም ንጹሕ ነው። «ዋይልድ ዋይልድ ዌስት» በእንፋሎት የሚሄድ ግዙፍ የብረት ሸረሪት አለው፤ አብዛኛው ብርሃን ስለሆነ ትንሹ ኮፒ ይበቃዋል፣ ቦታ ቆጥቡበት።

የቤቱ ዋና ጥፋት ዝም ካላችሁ ትንሹን መጫኑ ነው። ስለዚህ ገና ስትገቡ «ትልቁን» በሉ። ፍላሹም መዘጋጀት አለበት፤ በፋት 32 ፎርማት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፣ ባለሱቁም ወደ ትንሹ የሚወስዳችሁ በዚህ ሰበብ ነው። ኤንቲኤፍኤስ አድርጋችሁ ሂዱ፣ ግን ቴሌቪዥናችሁ እንደሚያነበው አስቀድማችሁ ሞክሩ። 8 ጊጋ በተራ ፍላሽ ላይ በሴኮንድ 10 ሜጋባይት ቢጻፍ 13 ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ መሃል መብራት ከሄደ ፋይሉ ተቆርጦ ይቀራል፤ ስሙን አይታችሁ አትመኑ፣ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ከፍታችሁ እዩ።

ቤት ስትደርሱ ምስሉ መጥቶ ድምፁ ከጠፋ፣ ድምፁ ዲቲኤስ የሚባል ዓይነት ሆኖ ቴሌቪዥኑ ስለማያነበው ነው። መልሳችሁ ወስዳችሁ ኤኤሲ ወደሚባለው የድምፅ ዓይነት አስቀይሩት፤ ምስሉ ስለማይነካ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስደው፣ ቤቱም ለዚህ ተጨማሪ አያስከፍልም። ድምፅ ብቻ መጥቶ ምስል ከጠፋ ግን ኮፒው ኤች 265 በሚባለው የአጨማመቅ ዓይነት የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ ኤች 264 የሆነውን ጠይቁ።

ከላይና ከታች ያለውን ጥቁር መስመር ለማጥፋት ዙም አታድርጉ። እንደ ማክኬብ ያለ ሰፊ ፊልም ዙም ሲደረግ ከስፋቱ ሩብ ያህሉ ይቆረጣል፤ የሚቆረጠው ደግሞ ዳር ላይ ሽጉጥ ይዞ የቆመው ሰው ነው። ቴሌቪዥኑን «ሙቪ» ላይ አድርጉ፣ ዳይናሚክ ኮንትራስት የሚለውን አጥፉ፣ መጋረጃውን ዝጉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚገባበት ሳሎን የፋኖሱ ትዕይንት ትልቁ ኮፒም ቢሆን አይታይም።

ቅዳሜ ገበያተኛው ስለሚበዛ ኮፒ ይቸኩላሉ፣ ሳያረጋግጡም ይሰጣሉ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጧት ሂዱ።