ውጤቱን መልሰው ለሚያመጡልን የዩኒቨርሲቲ የጤና አስተባባሪ ምስጋና፣ ለሌሎች ሰፈሮችም ጥቆማ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በር አንኳኩቶ መጠይቅ የሚያስሞላ ተማሪ አያጣም። ስለ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ልጆች ክትባት ይጠይቃሉ፣ ይሄዳሉ። ወረቀቱ የት እንደገባ የሚነግረን የለም። ተማሪዎችን ወደ እኛ ብሎኮች ይዘው የሚመጡት የዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና አስተባባሪ ግን ልጆቹ ከመመለሳቸው በፊት ውጤቱን በየብሎኩ ለይተው ለኮሚቴው ያስረክባሉ። ምስጋናችን በዋናነት ለዚህ ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው ሲስተር እንበላቸው።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ተማሪ ማሰማራት ይመስላል። አብዛኛው ግን ደብዳቤና ደጅ ጥናት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲው ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ለጤና ጣቢያው፣ ከዚያ ለብሎክ ኮሚቴው። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉትና ተማሪው ከጥበቃ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል። ሲስተር የኮሚቴ ሰው ሳይመደብላቸው ልጆቹን አይልኩም። መጠይቁም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ መጀመሪያ ሌላ ሰፈር ላይ ይሞከራል።

ለጥናት ስንት ቤት ይጠየቅ ሲባል የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ ሁሉ 422ን እንደ ስልክ ቁጥሩ ያውቃታል፤ ከተለመደው የናሙና ቀመር የሚወጣው 384 ላይ 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር ነው። ጣጣው ግን ያለው በሩ ላይ ነው። ለምሳሌ ከ2,110 ቤት 422 ለመውሰድ በየ5ኛው ቤት ይንኳኳል፤ በሥራ ቀን ግማሹ ዝግ ነው። የደከመው ልጅ ዝጉን ትቶ ጎረቤቱን ሲጠይቅ ጥናቱ ቀን ቤት የሚውሉትን ብቻ ያሳያል። ሲስተር ዝግ ቤት 3 ጊዜ ሳይሞከር እንዲተካ አይፈቅዱም፤ ከሦስቱም አንዱ ቅዳሜ ወይም ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ መሆን አለበት።

ከሁሉ የጠቀመን የውሃው ምርመራ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ውስጥ ይሰነብታል፤ ክዳኑ ክፍት ከሆነና ከታች ደለል ካለ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን ቶሎ ያልቃል። ቀሪ ክሎሪን እዚያው ቧንቧው ሥር ነው የሚለካው፣ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ይጠፋልና። 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ዲፒዲ የሚባል የክሎሪን መለኪያ ክኒን ተጨምሮ የሮዝ ቀለሙ መጠን ይነበባል፤ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ይፈለጋል። የባክቴሪያው ናሙና ደግሞ በበረዶ ተይዞ በ6 ሰዓት ውስጥ ቢደርስ ይመረጣል። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ጠርሙሱን ማለቅለቅ ነው፤ ውስጡ ያለው ታዮሰልፌት የሚባል ኬሚካል ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ባክቴሪያውን እንዳይገድል እንዲያከሽፈው ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነው፣ ሲለቀለቅ አብሮ ይፈሳል። ሲስተር አዲስ ተማሪ ጠርሙስ ሲይዝ አጠገቡ ቆመው ያያሉ።

ውጤቱ ለየብሎኩ በአንድ ገጽ ይመጣል፣ የቤት ቁጥር አይጻፍበትም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ግን ተጽፏል። ሮቶው ባዶ ይደረጋል፣ በብሩሽ ይፈተጋል፣ ደለሉ ይወጣል። ከዚያ ተሞልቶ ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ይገባበታል። ቧንቧዎቹ የክሎሪን ሽታ እስኪሰጡ ተከፍተው ይዘጋሉ፤ ሌሊቱን አድሮ ሁሉም ይደፋና አዲስ ውሃ ይሞላል። እስከዚያ አይጠጣም፣ ልብስም አይታጠብበትም። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጠርሙሱ ላይ መጠኑና ቀኑ ያልተጻፈበትን በረኪና ሲስተር አይቀበሉም፤ የቆየ በረኪና ኃይሉ ይወርዳል።

ሌላ ሰፈር ያላችሁ፣ የኮሚቴ ወይም የእድር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በጤና ጣቢያችሁ በኩል ለዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ቢሮ አስገቡ። የተማሪ ምደባ ሳይወጣ ቢደርስ ይሻላል፣ ካለፈ ለቀጣዩ ዙር ያድራል። የብሎኩን ብዛት፣ ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝና ውሃ የሚመጣባቸውን ቀናት ጻፉበት። ውጤቱ በጽሑፍ ለኮሚቴው እንዲመለስም በዚያው ደብዳቤ ጠይቁ።