የፎጋርቲ ባሉን ካቴተር በክንድ ደም ቅዳ ላይ፦ ቁጥር 2 ወይስ 3?

ራዲያል ወይም አልናር (ከክንድ ወደ እጅ ደም የሚያደርሱት ሁለቱ) ደም ቅዳ በመስታወት ሲቆረጥ ወይም በማሽን ሲጨፈለቅ፣ ውስጡ የረጋ ደም ከቀረ ስፌቱ ምንም ቢያምር ብዙ ሳይቆይ ይዘጋል። ያንን የሚጠርገው መሣሪያ ቶማስ ፎጋርቲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ ነው። የመጀመሪያዎቹን ፊኛዎች ከላቴክስ ጓንት ጣት ቆርጦ ነበር የሠራቸው።

ቁጥሩ ፍሬንች የሚባል የቱቦ ውፍረት መለኪያ ነው፤ 1 ፍሬንች የሚሊሜትር ሲሶ። የቁጥር 3 ቱቦ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ሲሆን ፊኛው ሲሞላ ግን 5 ሚሊሜትር ይደርሳል። አንጓ አጠገብ የራዲያል ስፋት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ አምራቹ ለቁጥር 3 ፊኛ መሙያ የጻፈው 0.2 ሚሊሊትር ጣሪያ እንጂ የሚሞላ ልክ አይደለም። የ1 ሚሊሊትር ሲሪንጅ ብቻ ይያዝ፤ በትልቅ ሲሪንጅ ይህን ያህል ትንሽ መጠን በእጅ መለካት አይቻልም።

መጀመሪያ አየሩን አስወጥቶ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) መሞከር ነው፤ ወደ አንድ ጎን የሚያብጥ ፊኛ ይጣላል። ካቴተሩ ፊኛው ባዶ እንደሆነ የረጋውን ደም አልፎ ይገባል፤ ፊኛው ቀስ እየተባለ የሚሞላው መሳብ ሲጀመር ነው። ሳቢውም ሲሪንጁን የሚገፋውም አንድ ሰው ይሁን፤ ሲከብደው ወዲያው እንዲቀንስ። ሥራው ለሁለት ከተከፈለ የውስጠኛው ሽፋን ይላጣል፣ በተላጠበትም ደም ይረጋል። ግድግዳው ከተቀደደ ደግሞ ሐሰተኛ አኑሪዝም (ከተቀደደው ግድግዳ የወጣ ደም የሚጠራቀምበት እብጠት) ይፈጠራል፤ ሕክምናው ራሱ አዲስ ጉዳት አመጣ ማለት ነው።

ከታች ደም ተመልሶ መጣ ብሎ መርካት አያዋጣም፤ ከቅርብ ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል፣ የረጋው ደም ግን ከዚያ በታች ይኖራል። ጣቶቹ በዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ) ይታዩ።

ቁጥር 2 (ፊኛው 4 ሚሊሜትር) ለአንጓና ለቀጭን ደም ቅዳ ይሻላል፤ ግን ይለመጣል፣ በኃይል ከተገፋ ይወጋል። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ፊኛው እስኪሟጠጥ መታገሥ ያስፈልጋል።

ትልቁ ቅሬታችን ላቴክሱ ነው፦ አለርጂ ላለበት ሰው አይሆንም፤ በእንፋሎት አፍልቶ ዳግም መጠቀምም ፊኛውን ያደክመዋል፣ ውስጥ ይፈነዳል። ንጹሕ ቁርጥ ሆኖ ከሁለቱም ጫፍ ደም በደንብ ከፈሰሰ ደግሞ ካቴተሩን አለማስገባት ይመረጣል። ጫፎቹን እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጦ፣ በሄፓሪን (የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት) ሳላይን አጥቦ፣ ሳይወጠር በ7-0 ወይም 8-0 ፖሊፕሮፒሊን (በጣም ቀጭን የስፌት ክር) መስፋት ይበቃል። የሚወጠር ከሆነ የደም መልስ ቁራጭ ተገልብጦ በመሃሉ ይቀጠላል።

ለክንድ የሚገዛ ቁጥር 3ን ያብዛ፣ ቁጥር 2ንም ጥቂት ይያዝ። ቁጥር 4 ፊኛው 9 ሚሊሜትር ስለሚደርስ ለዚህ ሥራ አይገዛ።