ድመታችንን ከአይጥ ማስቲሽ ላስለቀቀልን የእንስሳት ሐኪም

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ድመት ወይም ውሻ ያላችሁ፣ ይቺን አንብቧት። አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው።

ድመታችን እህል ቤት ውስጥ የተዘረጋ የአይጥ ማስቲሽ ላይ ወጣችበት። ጎኗ፣ እግሯ፣ ጭራዋ ተጣበቀ፤ ለመውጣት ስትታገል ካርቶኑ ይባስ ተጠቀለለባት፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ተሰበሰበና አንዱ ላምባ አምጡ ይላል፣ ሌላው ቤንዚን ይሻላል ይላል። ለክፋት አይደለም፣ ከልብስ ላይ ቀለም የምናስለቅቀው በዚያው ነው። እኔ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። «ላምባ እንዳታስነኳት፣ እንዳትጎትቷትም፣ መጣሁ» አለኝ።

መጣ። ፊቷን ብቻ አስቀርቶ በፎጣ ጠቀለላት። ሌላ ቦታዋ እንዳይያዝ ክፍት የቀረው ማስቲሽ ላይ ዱቄት ነሰነሰበት። ከዚያ የጠየቀው የወጥ ዘይት ነው! ቤት የነበረው የኑግ ዘይት ነበር፣ ይሆናል አለ። ማስቲሽ በውሃ አይለቅም፣ ዘይት ግን ያላላዋል። በጣቱ እያሸ፣ ትንሽ እየጠበቀ፣ በጨርቅ እየጠረገ፣ እንደገና ዘይት እየቀባ፣ አንዴም ሳይቸኩል ቀስ በቀስ ካርቶኑን አላቀቀላት። በመጨረሻ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና አጥቦ፣ ሳሙናው እስኪጠፋ አለቀለቃት። የማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ሙቅ ቦታ አስተኟት ብሎናል።

ላምባና ቤንዚን ለምን እንደከለከለም አስረዳን። ቆዳ ያቃጥላሉ። ድመት ደግሞ ጸጉሯን ስለምትልስ ትውጠዋለች፣ ወደ ሳንባዋ ከገባ ሊገድላት ይችላል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን የዴቶሉ ነው፤ ለንጽህና ብለን የምንጠቀምበት ዴቶል ለድመት መርዝ ነው፣ ጉበቷ እንደኛ ሊያስወግደው አይችልም። የባሕር ዛፍ ዘይትም እንደዚያው። ሬንጅ ከነካቸውም መፍትሔው ያው የወጥ ዘይት ነው፣ ማስቲካ ከሆነ በበረዶ አጠንክሮ መሰባበር ይቻላል። እምቢ ካለ ጸጉሩን በመላጫ ማሽን ማንሳት እንጂ መቀስ አይሞከርም፣ ቆዳቸው ስስ ስለሆነ ከጸጉሩ ጋር ተስቦ ይቆረጣል።

እኛ አገር የእንስሳት ሐኪም ሲባል ለበሬና ለላም ነው የሚመስለን። ይሄ ልጅ ለአንዲት ድመት ተንበርክኮ፣ እየቧጨረችው፣ አንድም ጊዜ ፊቱን ሳያጠቁር ነው የሠራው። እናቴ «ክፉ አይንካህ ልጄ» እያለች እስከ በር ሸኘችው። እኔም እላለሁ፣ ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ።

ዋጋው የማይከብድ ነው፣ ቤት ድረስም ይመጣል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል።